የኮምፒውተር ስፒከር ፍለጋ፦ በ8,000 ብር ምን ይገኛል?

መጋቢት 4፣ 2017፣ ሐሙስ ማታ

እሺ ልጀምር። የሞኒተሬ ስፒከር ለዜና ይበቃል፣ ለሌላ ለምንም አይሆንም። ቪዲዮ ኤዲት ሳደርግ ንግግሩና ከስር ያለው ሙዚቃ የቱ እንደበዛ መለየት አይቻልም፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ሄድፎን አድርጎ መዋል ጆሮ ያግላል። ስለዚ ሁለት ስፒከር፣ ግራና ቀኝ፣ ጠረጴዛ ላይ ሚቀመጥ። በጀት 8,000 ብር፣ ከዛ ካለፈ የቤት ኪራይ ብር ውስጥ መግባት ነው።

ቤቱ አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ክፍሉ ጠባብ፣ ጠረጴዛው 1 ሜትር ከ20፣ ግድግዳው ደግሞ ጎረቤት ሲያስል ሚያሰማ አይነት። ከስር ያለው ሰውዬ የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ ቀን ነው ሚተኛው። በዚህ ምክንያት 2.1 ሚባለውን፣ ሳብ ዉፈር (የቤዙ ሳጥን) መሬት ላይ ሚቀመጠውን፣ ገና ሳልወጣ ሰርዤዋለሁ። ቤዙ ወለሉን ይዞ ነው ሚሄደው፣ ቮልዩም ብትቀንስ ራሱ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋና ዱም ዱሙ ይቀራል። ክቡ ብሉቱዝ ስፒከርም ወጥቷል፣ አንደኛ ግራና ቀኙ አንድ ቦታ ላይ ነው ማለትም ስቴሪዮ ለስሙ ነው፣ ሁለተኛ በብሉቱዝ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚመጣ ኤዲት ስታደርግ አፍና ድምፅ አይገጥሙም። ገመድ ያለው፣ በቃ።

ዋጋ ነገር አስቀድሞ ያሳስበኛል። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ድሮ "4,000 ነው" ያሉኝን ዕቃ አሁን ስንት እንደሚሉኝ ቅዳሜ እናያለን።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

በእግሬ ወደ ፒያሳ ሄድኩ። ዶሮ ማነቂያ ጋ ቴፕና ቲቪ ሚጠግኑ ሰዎች አውቅ ነበር፣ ሰፈሩ 2016 ላይ ከፈረሰ በኋላ ግን ማን የት እንደሄደ እንጃ። አሁን መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ያምራል፣ ካፓሲተር ሚሸጥልህ ሰው ግን የለም። ወደ ቸርችል ጎዳና ወረድ ብዬ የኮምፒውተር ዕቃ ሚሸጡ ሱቆች አንድ በአንድ ገባሁ።

አብዛኞቹ ጋ ያለው አንድ አይነት ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያያል። ፕላስቲክ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት ሚያበራ፣ ዋጋው ከ1,500 እስከ 3,000 ብር። አንዱን አንስቼ፦

«ይሄ ስንት ዋት ነው?»

«3,000 ዋት ብሮ! ቤት ያናውጣል።»

እውነቱን ነው፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ 3,000 ዋት ፒኤምፒኦ ይላል። አዙሬ ሳየው ሚሰራው በዩኤስቢ ነው፣ ሌላ ገመድ የለውም። እስቲ እናስላው። የተለመደው ዩኤስቢ 2 መሰኪያ በ5 ቮልት 0.5 አምፔር ነው ሚሰጠው፣ ሲባዛ 2.5 ዋት። ዩኤስቢ 3 ቢሆን 0.9 አምፔር፣ 4.5 ዋት። ከዛ በላይ ስፒከሩ ከየት ያመጣዋል? 3,000 ዋት ማለት እኮ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፣ ምጣድ ሲሰካ ቆጣሪው እንዴት እንደሚሮጥ ያየ ሰው ያንን ሁሉ በዚች ቀጭን ገመድ አሳልፋለሁ አይልም። ልጁን አልተጨቃጨቅኩትም፣ እሱም ካርቶኑን ነው ያነበበው። ፒኤምፒኦ ሚባለው ቁጥር ሁሉም እንደፈለገ ሚያወጣው ነው፣ የተስማሙበት አለካክ የለውም። መታየት ያለበት አርኤምኤስ ሚለው ነው፣ ስፒከሩ ሳይቋረጥ ሚችለው ዋት ማለት ነው፣ እሱም ካልተጻፈ አዳፕተሩ ላይ ያለውን ቮልትና አምፔር ማባዛት፣ ስፒከሩ ከዛ በላይ ድምፅ ሊያወጣ አይችልም፣ ከዛም የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

ሌላ ዛሬ የተማርኩት ነገር ማንሳት ነው። ዝም ብሎ አንስቶ መመዘን። ጥሩ ስፒከር ከኋላው ማግኔት፣ ሳጥኑ ደግሞ እንጨት ወይ ወፍራም ኤምዲኤፍ (ተፈጭቶ የተጠፈጠፈ እንጨት) ስላለው ከበድ ይላል። ያነሳኋቸው አብዛኞቹ ባዶ ካርቶን ያነሳሁ ነው ሚመስሉት። ሎጂቴክ ዜድ 313 አንድ ቦታ አየሁ፣ ሐቀኛ ዕቃ ነው፣ 25 ዋት አርኤምኤስ ብሎ በትክክል ይጽፋል፣ ግን ሳብ ያለው 2.1 ነው፣ ሰውዬው እንዳይነቃ አለፍኩት።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ሜክሲኮ ጓደኛዬ ቢሮ ክሪኤቲቭ ፔብል አለው፣ ያቺ ክብ ክብ ሆና ወደላይ ቀና ያለችው። ትንሽ ናት፣ 2 ኢንች ስፒከር፣ ሁለቱም ተደምረው 4.4 ዋት አርኤምኤስ። ከቅዳሜው "3,000 ዋት" ጋር ሲነጻጸር መሳቂያ ቁጥር ነው አይደል? ከዛ ሁሉ ግን እሷ ትሻላለች፣ በጣም ነው ምትሻለው። 45 ዲግሪ ቀና ብላ ስለተሰራች ድምፁ ጠረጴዛውን ሳይሆን ጆሮህን ነው ሚያገኘው፣ የሰው ንግግር ጥርት ያለ ነው፣ ግራና ቀኙም በደንብ ይለያል።

ችግሯ ታች ነው፣ ወፍራሙ ድምፅ ላይ። 100 ኸርዝ አካባቢ ላይ ያልቃል ነገሩ፣ ከበሮ ሲመታ የበትሩን ድምፅ እንጂ የሆዱን አትሰማም። ንግግር ብቻ ሚያዳምጥ፣ ኦንላይን ሚማር፣ ስብሰባ ሚበዛበት ሰው ሌላ ሳይፈልግ እሷን ይግዛ ነው ምለው። ለኔ ግን ሙዚቃው ከስር ስንት እንደሆነ መስማት ስላለብኝ አትሆንም። ጓደኛዬ "ጆሮህ ነው ሚያስቸግርህ" አለኝ፣ ይሆናል።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ዛሬ ውዱን ልስማ ብዬ ወደ ቦሌ። ሳልገዛም ቢሆን ጥሩው ምን እንደሚመስል ካላወቅኩ ርካሹን በምን ልለካው? ኤዲፋየር አር 1280 ቲ አገኘሁ። 4 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ሚያወጣው)፣ 13 ሚሊሜትር ትዊተር (ቀጭኑን ሚያወጣው)፣ ኤምዲኤፍ ሳጥን፣ ሁለቱ ተደምረው 42 ዋት አርኤምኤስ፣ አምፕሊፋየሩ (ድምፁን ሚያጎላው) ውስጡ ያለ፣ ከጎኑ የቤዝና የትሬብል ኖብ ያለው። ሚያምር ነገር ነው። ዋጋ 21,000 ብር። «መጨረሻው?» አልኩት፣ «20,500፣ ለአንተ።» እሺ።

መሞከሪያዬ በገና ነው። ጾም ስለሆነ አይደለም (ጾሙም ነው)፣ ለስፒከር መፈተኛ ከበገና ሚሻል ስለማላውቅ ነው። የበገና ጅማት በርኩማው ላይ ሲያርፍ ከስሩ እንዚራ ሚባል ቁራጭ ቆዳ አለ፣ ጅማቱ እሱን እየነካ ነው ያ ዝዝዝ ሚለው ሚወጣው። ስለዚ በአንድ ምት ውስጥ ሁለት ነገር ይመጣል፣ ከታች ወፍራሙ ድምፅ ከላይ ደግሞ ዝዝታው። መናኛ ስፒከር ዝዝታውን ብቻ ያሰማህና ታችኛውን ይውጠዋል፣ ቤዝ ሚያበዛው ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ያድበለብለዋል። ጥሩ ስፒከር ላይ ግን ሳጥኑ እንጨት እንደሆነ፣ ጅማቱ ረግቦ እንደሆነ ሁሉ ይሰማሃል።

ሞባይሌን ሰክቼ ከፈትኩት፣ ልጁ ሮጦ መጣ።

«ኧረ ወንድሜ ቀንሰው ቀንሰው፣ ኮኑን ልትበጥስብኝ ነው፣ አትሰማም እንዴ እንዴት እንደሚንዘረዘር?»

«በገና እኮ ነው።»

«በገናም ቢሆን!»

አጠገቡ የነበሩ አባት ሳቁ፣ «ልጄ እሱ ድምፁ ነው» አሉት፣ ከዛ እሳቸውም ቆመው አብረውኝ ሰሙ። እና እውነት ለመናገር ድምፁ ጥሩ ነበር፣ ታችም ላይም ነበረው፣ የበገና ደርዳሪው ድምፅ ልክ መሀል ላይ፣ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው የተቀመጠው። ስቴሪዮ ማለት ይሄ ነው። ከዚህ በኋላ ልኬቴ እሱ ነው። ብሩ ግን የለኝም።

መጋቢት 11

ቴሌግራም ላይ አንዱ ያንኑ የቦሌውን ኤዲፋየር "ኦርጅናል፣ ትንሽ ያገለገለ" ብሎ በ7,500 ለጥፏል። ስታዲየም ጋ ተገናኘን። ሳጥኑን በጣቴ ጫፍ አንኳኳሁት፣ ኮፍ ኮፍ ይላል፣ ፕላስቲክ ላይ የእንጨት ወረቀት የተለጠፈበት ነው። ሞዴል ቁጥሩ ላይም አንድ ፊደል ተዛውሯል። «አልወስድም» አልኩት፣ «አንተ ደግሞ ስፒከር ነው ሐብሐብ ምትመርጠው» ብሎኝ ሄደ። ይሄን ያህል ነው።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ጋ ተቀየረ። ሳስበው ከ8,000 በታች አዲስ ዕቃ ስገዛ አብዛኛው ብር ሚሄደው ለመብራቱ፣ ለብሉቱዙ፣ ለካርቶኑ ነው፣ ለሳጥንና ለማግኔት ሚተርፈው ትንሽ ነው። ሳጥንና ማግኔት ደግሞ በየሰዉ ሳሎን ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል! ያ የድሮ ዴክ፣ ሲዲውም ካሴቱም መስራት ያቆመ፣ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከር ግራና ቀኙ ያለው። ያ ስፒከር ውስጡ አምፕሊፋየር የለውም፣ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ሚገባበት፣ ስለዚ ዴኩ ቢሞትም እሱ አልሞተም። ትንሽ የአምፕሊፋየር ቦርድ ማግኘት ብቻ ነው።

ጎረቤታችን ማዘር ቤት አንድ አለ። ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸው፣ ሦስት ሲዲ ሚይዝ። ቡና ተጠርቼ እያለ ጀመርኩ።

«ማዘር፣ ይሄን ዴክ ይሸጡልኛል?»

«ምን ሊያደርግልህ ልጄ? ሲዲውን ከበላው ዓመታት ሆነው እኮ።»

«ስፒከሩን ነው ምፈልገው።»

«ሬዲዮዬንስ? ጠዋት ጠዋት በምን ልሰማ ነው?»

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፦ እኔ አዲስ ትንሽ ሬዲዮ ገዝቼ ላመጣ፣ ስፒከሮቹን ልወስድ። ዴኩ ራሱ ግን ካለበት አይነሳም። «እሱን ከወሰድከው ዳንቴሉን ምን ላይ ላድርገው?» አሉኝ፣ መልስ አልነበረኝም። ሬዲዮው 1,500 ብር፣ ሞገዱን ሚያዞሩበት ኖብ ያለው፣ በድንጋይም በመብራትም ሚሰራ። ወደውታል።

እሁድ ከሰዓት

ስፒከሮቹን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ከፈትኳቸው። አቧራው ለብቻው ታሪክ ነው።

ከኋላ 6 ኦም ይላል (ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚከላከል መለኪያ ነው)። መልቲሜትር ሳስገባ አንዱ 5.3 ሌላው 5.4 አነበበ። ይሄ ጥሩ ነው፣ የስፒከር ኦም በመልቲሜትር ሲለካ ከተጻፈው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ምንም ካላነበበ ኮይሉ (ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሏል፣ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሾርት ነው። ቀጥሎ የኮኑ፣ ማለትም እየተንቀጠቀጠ ድምፅ ሚያወጣው ክፍል፣ ዙሪያ። ያገለገለ ስፒከር ምትገዙ ሰዎች መጀመሪያ እሱን እዩ፣ ኮኑን ከብረቱ ጋር ሚያይዘው ጠርዝ ፎም ከሆነ በዕድሜ ይበላል፣ በጣት ሲነካ እንደ ፍርፋሪ ይረግፋል፣ ጎማ ከሆነ ግን ይቆያል። የማዘር ጎማ ነው፣ ተመስገን። ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶች ዙሪያውን እኩል ይዤ ቀስ ብዬ ገፋሁት፣ ካልተንኮሻኮሸ ኮይሉ አልታጠፈም ማለት ነው፣ አልተንኮሻኮሸም።

ፊት ለፊት ሦስት ክብ ይታያል፣ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ። ትንሿ ጌጥ ናት። ከኋላዋ ሽቦ የለም፣ ፕላስቲክ ብቻ! ያኔም ሰው ክብ ቆጥሮ ነበር ሚገዛው፣ ዛሬ ዋት ይቆጥራል። መካከለኛዋ ትዊተሩ ናት፣ ሽቦዋ ላይ አንዲት ካፓሲተር አለች፣ 4.7 ማይክሮ ፋራድ፣ ኤንፒ ሚል የተጻፈበት ማለትም ፕላስና ማይነስ የሌለው አይነት። ሥራዋ ወፍራሙን ድምፅ ትዊተሩ ጋ እንዳይደርስ መከልከል ነው፣ በ6 ኦም ሲሰላ ከ5,600 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ወደላይ ያለውን ብቻ ታሳልፋለች። የግራው ስፒከር ትዊተር ድምፁ እንደታፈነ ነው፣ ካፓሲተሯ ደርቃ ነው። ትዊተሩን ራሱን ለካሁት ደህና ነው። የአንዱን ብቻ ቀይሮ ሌላውን መተው ግራና ቀኙን ያጣምማል፣ ሁለቱንም እቀይራለሁ።

ሰኞ፣ መርካቶ

ምናለሽ ተራ ገብቶ ያሰበውን ብቻ ገዝቶ ሚወጣ ሰው ካለ ላግኘው። የተፈታ ቲቪ፣ የተፈታ ጄኔሬተር፣ ሞተሩ የወጣ ፍሪጅ፣ ቁልፍ በኪሎ፣ ምን የሌለ አለ? አንዱ ጥግ ላይ የሞንታርቦ ኮን ራሱ ተደርድሮ አየሁ፣ ለሠርግ እንጂ ለኔ ጠረጴዛ አይሆንም፣ ዋጋውን ግን ጠየቅኩ፣ ያው ልማድ ነው።

ኤሌክትሮኒክስ ሚጠግኑ አንድ ጋሼ ጋ ተመራሁ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካፓሲተሯን አዩዋት።

«ኤንፒ የለኝም። ባለፕላስ አለ።»

«ባለፕላሱ ለስፒከር አይሆንም አይደል ጋሼ?»

«ብቻውን አይሆንም። ሁለት አስር ማይክሮ ወስደህ ማይነስና ማይነሱን አያይዘው፣ ጫፍና ጫፍ ሁለቱ ፕላስ ይቀራል። ምን ሆነልህ?»

«አምስት።»

«በቃ ምን ትፈልጋለህ?»

ሁለት እኩል ካፓሲተር በተከታታይ ሲታሰር ግማሽ ነው ሚሆነው፣ 10 እና 10 አምስት ይሰጣል፣ 4.7ን ተጠግቷል፣ ልዩነቱን ጆሮ አይለየውም። ለሁለት ስፒከር አራት ፍሬ፣ 80 ብር። 50 ቮልት መሆኑን አይተው ነው የሰጡኝ። የብየዳ ካውያውንም እዛው አበድረውኝ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በየድኩት፣ እግሮቿን በጭማቂ ስትሮ ሸፈንኩ፣ ጥብቅ አድርገው ተመልክተው «እጅህ አይንቀጠቀጥም» አሉኝ። ከእሳቸው ይሄ ዲፕሎማ ነው።

የአምፕሊፋየር ቦርዱንም መርካቶ አገኘሁት፣ ቺፑ ቲፒኤ 3116 ሚባለው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ፣ 1,900 ብር። ይሄ ቺፕ ክላስ ዲ ነው፣ ከሚወስደው መብራት ብዙውን ወደ ድምፅ ስለሚቀይር አይግልም፣ መዳፍ ከማይሞላ ቦርድ ላይ ያስቀመጡት ለዛ ነው። ከ4.5 እስከ 26 ቮልት ይቀበላል። ካርቶኑ ላይ "2 ጊዜ 50 ዋት" ይላል፣ ውሸት አይደለም ግን 21 ቮልትና 4 ኦም ሲሆን ነው። እኔ ቤት የሞተ ላፕቶፕ ቻርጀር አለ (የሞተው ላፕቶፑ ነው ቻርጀሩ አይደለም)፣ 19 ቮልት 3.42 አምፔር፣ ሲባዛ 65 ዋት። በ19 ቮልትና በ6 ኦም በአንድ ጎን ቢበዛ 30 ዋት ገደማ ይወጣል፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው ከ5 ዋት በላይ የሚያስፈልግበት ቀን አይመጣም።

ረቡዕ ማታ

ገመዱን ሁሉ አገናኘሁ። ቻርጀሩን ከመሰካቴ በፊት ጫፉን በመልቲሜትር ለካሁት፣ መሀሉ ፕላስ ዙሪያው ማይነስ፣ 19.4። ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ቦርዱ ያኔውኑ ጭስ ነበር ሚሆነው።

መጀመሪያ ስፒከሮቹ አንድ አቅጣጫ መግፋታቸውን በድንጋይ አየሁ። 1.5 ቮልት የሬሞት ድንጋይ፣ ፕላሱን ከቀዩ ማይነሱን ከጥቁሩ፣ ለቅጽበት ብቻ ንክት ማድረግ፣ ኮኑ ወደ ውጪ መዝለል አለበት። ሁለቱም ወደ ውጪ ዘለሉ። አንዱ ወደ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ መሀል ላይ መሰማት ያለበት ዘፋኝም የት እንዳለ ግራ ይገባሃል። ብዙ ሰው ስፒከሩ መጥፎ ነው ብሎ ሚጥለው ሽቦ ተገልብጦበት ነው።

ከፈትኩ። ዝዝዝዝዝ። በገና አይደለም።

ይሄን ለማጣራት ቅደም ተከተል አለው። የድምፅ ገመዱን ከቦርዱ ነቀልኩ፣ ዝዝታው ጠፋ፣ ስለዚ ቦርዱም ቻርጀሩም ደህና ናቸው። ከኮምፒውተሩ ፈንታ ሞባይል ሰካሁ፣ ሞባይሉ በባትሪ ነው፣ ጸጥ። ኮምፒውተሩን መልሼ ስሰካው ዝዝዝ። ስለዚ ነገሩ ኮምፒውተሩና ቻርጀሩ ሁለቱም ባለ ሦስት እግር ሆነው በመሬት ሽቦውም በድምፅ ገመዱም ስለተገናኙ የ50 ኸርዙ መብራት ክብ ሰርቶ እየዞረ ነው። ሁለቱን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካኋቸው፣ ቀነሰ ግን አልጠፋም። አንዳንዱ እዚህ ጋ የኮምፒውተሩን የመሬት እግር ቆርጦ ይገላገላል፣ አታድርጉት፣ ያቺ እግር ያለችው ሳጥኑ መብራት ቢይዝ ሰው እንዳይመታ ነው። ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር ሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፣ ውስጡ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመር ነው፣ ድምፁን ያሳልፋል ሽቦውን ግን አያገናኝም። የመኪና ቴፕ ሚገጥሙ ልጆች ጋ ይገኛል፣ ነገ።

ሌላዋን ደግሞ ወዲያው ፈታኋት፣ ማውሱን ሳንቀሳቅስ ጭር ጭር ሚል ነበር፣ የኮምፒውተሩ የፊት ጃክ ነው፣ ከኋላ ያለው አረንጓዴ ጃክ ላይ ሳዞረው ጠፋ። እዚሁ ላይ መብራት ሄደ።

ሐሙስ

አይሶሌተር 600 ብር። ሰካሁት፣ ጸጥ አለ፣ ጆሮህን ትዊተሩ ላይ ካልለጠፍክ ምንም የለም። ርካሽ አይሶሌተር በጣም ታች ያለውን ቤዝ ትንሽ ይበላል ይባላል፣ ለኔ ያው ከስር ያለው ሰውዬ ይመርቀኛል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

አቀማመጥ ላይ ነው የዋልኩት፣ እና ዕቃ ከመቀየር በላይ ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሳጥኖቹ ረጃጅም ስለሆኑ ትዊተሩ ከጆሮዬ በላይ ነበር ሚያልፈው፣ በተለይ ስቀመጥ ዝቅ ስለምል። ከፊት በኩል ከስራቸው አንስቼ ወደ ኋላ ማጋደል ድምፁን ይበልጥ ወደ ላይ ይወስደዋል፣ ስለዚ ከኋላ በኩል ከፍ አድርጌ ፊታቸውን ወደ ታች ትንሽ አጎነበስኳቸው። ማንሻው ምንድነው? ያረጀ ሸበጥ። አንድ ጥንድ ሸበጥ በቢላ ቆራርጬ ከፊት አንድ ድርብ ከኋላ ሁለት ድርብ። ሸበጡ ሌላም ጥቅም አለው፣ ሳጥኑ ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛው አብሮ እንዳይዘፍን ይይዘዋል፣ በፊት ብርጭቆ ላይ ያለ ማንኪያ ሁሉ ይጮህ ነበር።

ሁለቱ መካከል 95 ሳንቲሜትር፣ ከእኔ እስከ እያንዳንዱ ተመሳሳይ፣ ሦስት እኩል ጎን ማለት ነው፣ ፊታቸው ወደኔ ትንሽ ዞር ያለ። ከግድግዳው መጀመሪያ ተለጥፈው ነበር፣ ቤዙ ይድበለበል ነበር፣ ግድግዳ ቤዝ ያበዛል። ሃያ ሳንቲሜትር ሳርቃቸው ተስተካከለ፣ ጠረጴዛው ከዛ በላይ አይፈቅድም። የቀረውን በኢኩዋላይዘር ኤፒኦ አስተካከልኩ፣ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፣ ነጻ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይጫናል፣ 120 ኸርዝ አካባቢ 4 ዴሲቤል ቀነስኩ። የድሮ ዴክ ስፒከር እዛ ጋ ሆን ተብሎ ያበጠ ነው፣ ሱቅ ውስጥ "ቤዝ አለው" እንዲባል።

በገናውን ከፈትኩ። የቦሌው ይበልጣል፣ ላይኛው ላይ በተለይ፣ ዝዝታው እዛ ጥርት ብሎ ነጥብ ነጥብ ነበር፣ እዚህ ትንሽ ይሸረፋል። ታችኛው ግን የማዘር ሳጥን ይበልጣል፣ ዉፈሩ ትልቅ ነው፣ ሳጥኑም ሰፊ፣ ፊዚክሱን በብር አትገዛውም። ድምፁም መሀል ላይ ነው ሚቀመጠው። ከዛ አንድ የቆየ የኤዲት ሥራ ከፍቼ ንግግሩንና ሙዚቃውን አዳመጥኩ፣ የቱ እንደበዛ ወዲያው ይታወቃል።

ሒሳቡ፦ ሬዲዮ 1,500፣ ቦርድ 1,900፣ ካፓሲተር 80፣ ሽቦና የድምፅ ገመድ 350፣ አይሶሌተር 600። 4,430 ብር። ቻርጀሩ ቤት የነበረ ነው፣ የሌለው ሰው ያገለገለ ለመግዛት ትንሽ ይጨምርበት።

ለሁሉም ሰው አይሆንም ይሄ መንገድ። ጠረጴዛው ጠባብ የሆነ፣ ሽቦ መንካት ሚፈራ፣ ወይ ዴክ ያለው ጎረቤት የሌለው ሰው ፔብሏን ገዝቶ ይገላገል፣ 3,000 ዋቱን ግን ይተወው።

የቀረ ሥራ፦ ቦርዱ ራቁቱን ነው ያለው፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ላስገባው አስቤ ነበር ግን ብረት ከስሩ ሽቦ ቢነካ ሾርት ነው፣ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ እየፈለግኩ ነው። የቻርጀሩ መስመር ላይም 3 አምፔር ፊውዝ ልጨምር። ማዘር ደግሞ ሬዲዮው ማታ ማታ ሞገድ ይሸሻል ብለዋል፣ ነገ አንቴናውን አይላቸዋለሁ።